አርባ ስምንት ኪሎ

እኛ ሞያሌና ናይሮቢ የምንመላለስ ሴቶች ስለ ቦክስ እንጽፋለን ብለን አስበን አናውቅም። የምናውቀው ጨርቅ፣ የኬላ ወረፋና የሽልንግ ምንዛሪ ነው። ነገሩ የመጣው የአንዷ ጓደኛችን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ለቦክስ ውድድር ልሂድ ስትል ነው። እናትየዋ የእቁብ ዕጣዋን ቀድመን እንድንሰጣት ጠየቀችን።

ግማሾቻችን ወዲያው «አይሆንም» አልን። የሴት ልጅ ፊት ሲያብጥ ማን ቆሞ ያያል? የቀሩት ስለ ደንቡ አሰቡ። ዕጣ ማስቀደም እኛ ዘንድ ለሕመምና ለሐዘን ብቻ ነው፤ ዛሬ ለቦክስ ከተፈቀደ ነገ ለልደትም ይጠየቃል። የእቁቡ ዳኛ ወደ ናይሮቢ ሄደን እስክንመለስ አቆየችው።

ኢስሊ ጨርቅ የምንገዛበት ሱቅ አንድ ሸምገል ያሉ ኬንያዊ ሂሳብ ያዥ አሉ፤ «ምዜ» እንላቸዋለን። ወሬውን ስንነግራቸው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ቦንዲያ ናታ በሉኛ!» አሉ፤ ቦክሰኛን እንደዚያ ነው የሚሉት። ከዚያ ስለ ስቲቨን ሙቾኪ ጀመሩ።

የመጀመሪያው የዓለም አማተር ቦክስ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1974 ሃቫና ላይ ሲካሄድ (እኛ አገር ንጉሡ ሊወርዱ ቀናት ነበር የቀራቸው፤ እኛም ገና አልተወለድንም) ሙቾኪ በ48 ኪሎ ለፍጻሜ ደርሶ በኩባዊው ሆርሄ ኤርናንዴስ ተሸነፈ። ብር ወሰደ። ከጎረቤት ዩጋንዳ አዩብ ካሉሌ እዚያው ወርቅ አገኘ፤ ኋላም ፕሮፌሽናል ሆኖ በ1979 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

48 ኪሎ! እኛ የምንጭነው የግማሽ ኩንታል ጆንያ ይበልጠዋል። እሱ ግን በዚያው ክብደት አራት ዓመት ቆየ። በመካከሉ በ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክ መጣ፤ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች በደቡብ አፍሪካ ዘረኝነት የተነሳ ቀሩ፣ ኬንያም ኢትዮጵያም። ምክንያቱ የሚያኮራ ነው፤ ጭነት ይዘን የተዘጋ ኬላ ላይ ያደርን ሴቶች ግን ለልጁ አዘንን። በ1978 ቤልግሬድ ላይ ወርቁን አገኘ።

«ሴትስ?» አለቻቸው እናትየዋ። ክሪስቲን ኦንጋሬን ጠሩላት፤ በ2018 የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ነሐስ ያመጣችዋን። በአማተር ቦክስ በግማሽ ፍጻሜ የተሸነፉት ሁለቱም ነሐስ እንደሚያገኙ፣ ለሦስተኛነት እንደገና እንደማይደባደቡም ነገሯት። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያላት ይሄ ነው፤ አንድ ድብደባ የቀረ መሰላት። እኛ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ስንል ሩጫ ብቻ ነው፤ በቦክስ ኢትዮጵያ አንድም የላትም።

ስንመለስ ብሩ ተሰጠ። ሐኪም «ጤነኛ ናት» ብሎ በጽሑፍ እንዲሰጥ ግድ አልን፤ ወረቀቱ ከእቁቡ መዝገብ ጋር ተቀምጧል። ሁለታችን እስከ ዛሬ እናኮርፋለን።

ትናንት ጉምሩክ በር ላይ ጭነታችን እስኪመዘን ስንጠብቅ እናትየዋ ስልክ ተደወለላት። ልጅቷ በ48 ነው የተመዘገበችው፤ ሚዛን ላይ ስትወጣ 600 ግራም ተረፈች። እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ ሰጥተዋታል። ሁለት ሹራብ ደርባ እየሮጠች ነው አሉ። ሰዓታችንን አየን፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር።