ተራህ ነው

ቴሉራይድ ከዴንቨር ስድስት ሰዓት ከምናምን የሚነዳባት፣ በሳን ኋን ተራሮች መሀል የተሸጎጠች የኮሎራዶ ከተማ ናት። ድሮ ወርቅና ብር ይወጣባት ነበር። ከ1972 (እ.አ.አ.) ጀምሮ ግን ስሟ የሚነሳው በበረዶ መንሸራተቻዋ ነው። ከፍታዋ 2,667 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከአዲስ አበባም ትበልጣለች። አብረውኝ የሄዱት ጓደኞቼ ዳገት በወጣን ቁጥር ሲያለከልኩ «አንተማ የደጋ ልጅ ነህ» ይሉኝ ነበር። አገሬን ከለቀቅኩ ስድስት ዓመት ስለሆነኝ እኔም እያለከለክሁ ነው፤ ግን ስሜን ላለማጥፋት ዝም አልኩ።

የሄድነው በየዓመቱ በሰኔ ለሚካሄደው የብሉግራስ ፌስቲቫል ነው። የተጀመረው በ1974 ነው፤ አሁን መናፈሻ ውስጥ፣ አራት ቀን ሙሉ ይዘፈናል። ማንዶሊን ተጫዋቹ ሳም ቡሽ ከ1975 ወዲህ አንድም ፌስቲቫል አላመለጠውም ይባላል። ጠዋት በር ሲከፈት ሽማግሌ ሳይቀር ሸራውን ታቅፎ ይሮጣል፤ መድረኩ ፊት ቀድሞ ያነጠፈ ቦታው የእሱ ነው። ማታ ደግሞ በነፃው ጎንዶላ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ማደሪያው የሚሄድ አለ።

እኔን የያዘኝ ግን መድረኩ አይደለም። ድንኳን የተተከለበት ሰፈር ነው።

እዚያ የማይተዋወቁ ሰዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ። አንዱ የዘፈኑን ስምና ቁልፉን ይናገራል፣ «በጂ» ይላል፣ ይጀመራል። ባንጆ፣ ቫዮሊን፣ ማንዶሊን፣ ጊታር፣ ትልቁ ቤዝ። እያንዳንዱ በተራው ብቻውን ይጫወታል፤ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያጅበዋል። ተራህ ሲደርስ መሪው በአገጩ ያመለክትሃል። ካልፈለግክ ራስህን ትነቀንቃለህ፤ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ ማንም አይታዘብህም። ለእኔ ቢጤው ሶፍትዌር ሠሪ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሁለት ኮምፒውተሮች ሳይተዋወቁ የሚግባቡት አስቀድሞ የተስማሙበት ደንብ ስላለ ነው።

ግን ዙሪያዬን ሳይ ጥቁር ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ይሄ የሚገርመው የባንጆውን ታሪክ ላወቀ ነው። ባንጆን አሜሪካ ያደረሱት በባርነት የተጋዙ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ናቸው። የሴኔጋልና የጋምቢያ ጆላዎች አኮንቲንግ የሚሉት፣ ከቅልና ከቆዳ የሚሠራ ዘመዱ ዛሬም አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊታቸውን ጥቁር የሚቀቡ ነጭ ተዋንያን ባንጆውን መቀለጃ አደረጉት። በ1920ዎቹ ደግሞ የሸክላ ኩባንያዎች የጥቁሩንና የገጠር ነጩን ሙዚቃ ለያይተው መሸጥ ጀመሩ። ኋላ ኬንታኪያዊው ቢል ሞንሮ በቡድኑ ስም ብሉግራስ ሲወለድ፣ ባንጆ የነጭ ገበሬ መሣሪያ መስሎ ነበር። በ2005 ሪያነን ጊደንስና ጓደኞቿ ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስን ሲመሠርቱ የተማሩት ሰማንያውን ካለፉት ጥቁር ቫዮሊን ተጫዋች ከጆ ቶምፕሰን ነው። አንድ ሰው እስኪጠየቅ ቆይቶ ነበር ማለት ነው።

«የእኛ ነው» ብዬ ልል ቃጣኝ። ግን የእኔ አይደለም። የተነጠቁት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ እኔ በቪዛ የመጣሁ ሰው ነኝ። የእኔ ክራር ነው፤ እሱ ደግሞ መኪናው ኮፈን ውስጥ፣ ከብርድ ልብስ ሥር ተኝቷል።

በሁለተኛው ሌሊት ጓደኛዬ ሳይጠይቀኝ ሄዶ አመጣው። በትዝታ ሜጀር ቃኘሁት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ብዙዎቹ የቆዩ የአፓላቺያ ዜማዎችም በእነዚሁ አምስት ድምፆች ስለሚሽከረከሩ በጂ ገጠመልኝ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ባንጆ የያዙ ሴትዮ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ተራህ ነው። ጣቴ ቢንቀጠቀጥም ተጫወትኩ።

ዘፈኑ ሲያልቅ «አሁን ከአገርህ አንድ ስጠን» አሉኝ። ትዝታ ጀመርኩ፤ ቤዙ ቀስ ብሎ ተከተለ፤ ቫዮሊኑ እንደ ማሲንቆ ማልቀስ ጀመረ። ስንጨርስ ሴትዮዋ ጠየቁኝ፦

«አገራችሁ ሰው ሁሉ ይጫወተዋል?»

«ሁሉም ያውቀዋል» አልኩ። «የሚጫወተው ግን ሌላ ሰው ነው።»

መልሱ ከአፌ ከወጣ በኋላ ከነከነኝ። እኛ ሰርግ ላይ ኪቦርዱ ይጮሃል፣ እኛ እስክስታ እንመታለን፣ ክራሩ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጌጥ ይሰቀላል። ግን ተራ መቀባበል ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቃል፤ እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ከወዲያኛው ጥግ ሌላው ይመልሳል። ደንቡ ነበረን፣ አለንም። ያጣነው ክቡን ነው፤ በተለይ እዚህ፣ ከአገር ርቀን።

ከዚያ ወዲህ አውሮራ፣ እኔ አፓርታማ፣ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ አራት ሆነን እንሰበሰባለን። አንድ ክራር፣ አንድ ጊታር፣ ሁለት ባዶ እጅ። ባዶ እጅ የመጣ ግጥም ይሰጣል፤ ካልመጣለት ራሱን ይነቀንቃል፣ እናልፈዋለን። ጎረቤት ግድግዳ እንዳይደበድብ አሥር ሰዓት ጀምረን አንድ ሰዓት ላይ እናቆማለን። እስካሁን ሳንሰናከል የምንዘልቃቸው ዘፈኖች ሁለት ብቻ ናቸው።