“መብራት የለም እኮ!”

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአጼ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከሰማይ ታየ ከተባለ ብርሃን ነው። የዛሬዎቹ ልጆቿ ብርሃን የሚጠብቁት ከምሰሶ ላይ ነው። ሲመለስ “መጣ!” ብለው ይጮኻሉ፤ ሲጠፋ “ሄደ!” ይላሉ። የዛሬው ጨዋታዬም ስለዚሁ መምጣትና መሄድ ነው።

ባለፈው ክረምት ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የሰባት ዓመቱ የቤቱ ልጅ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ያለውን ማከፋፈያ ታቅፎ፣ ቀዳዳው ውስጥ ሚስማር ሊከት ይታገላል። እናቱ “አንተ! ተው አላልኩህም?” ብላ ነጠቀችው። ልጁ ግን ተበድሏል። “መብራት የለም እኮ፣ እማዬ!”

ልጁ እኮ አልተሳሳተም። ያሳሳተው ያስተማርነው ቃል ነው። ኤሌክትሪክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲገባ ሥራው ማብራት ነበርና ስሙም “መብራት” ሆኖ ቀረ። መሥሪያ ቤቱን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ቢከፍሉትም ብዙዎቻችን ዛሬም “መብራት ኃይል” ነው የምንለው። ለልጆቻችን ግን የነገርናቸው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። አምፖሉ ከጠፋ ኃይሉም የሌለ ይመስላቸዋል። ኃይሉ ደግሞ ሲመለስ እንደ እንግዳ በር አያንኳኳም።

ልጅ ማስፈራራት እናውቅበታለን። “ጅብ መጣልህ!” እንላለን። ጅቡ ሳይመጣ ሲቀር ልጁ ንቆት ይተኛል። “እንዳትነካ፣ ይይዝሃል!” የሚለውም እንደዚያው ነው። ልጁ አንድ ቀን ነክቶ ምንም ካልሆነ እኛንም ሽቦውንም ይንቃል። ስለዚህ ምክንያቱን መንገር ይሻላል።

“ወፏንስ ለምን አይዛትም?” ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ትምህርቱን ራሱ ጀምሮታል። ወፏ አንድ ሽቦ ላይ ብቻ ስለቆመች፣ መሬት ስላልነካች ነው በሉት። ኮረንቲ ወደ መሬት መንገድ ይፈልጋል፤ አንተ ቆመህ ስትነካው መንገዱ አንተ ትሆናለህ። እጅህ ወይም እግርህ ከራሰ ደግሞ መንገዱ ይቀለዋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ታጥቦ፣ እጅ ሳይደርቅ፣ ወደ ስቶቭ መሮጥ ያለ ነው። ያኔ “እጅህን አድርቅ” ማለት ትርጉም ያገኛል።

ከቤት ውጪ ነገሩ ይብሳል። ቤት ውስጥ ያለው 220 ቮልት ነው፤ ወደ ትራንስፎርመር የሚሄደው መስመር ግን 15,000 ወይም 33,000 ቮልት ይሸከማል። ይኼኛው ሳይነኩትም ሊዘል ይችላል፤ እርጥብ ባህር ዛፍም ያስተላልፈዋል። እንደ አንኮበር ባለ ዳገታማ አገር ደግሞ ከታች ሲያዩት ሰማይ የነካ የሚመስል ሽቦ፣ ሽቅብ ሲወጡ ለረጅም ዱላ ሊቀርብ ይችላል። ነፋስ ዛፍ ጥሎ ሽቦ ሲበጥስ ሰፈሩ ይጨልማል። የእኛ ልጅ ይህን አይቶ የሚለው ያችኑ ነው፦ “መብራት የለም እኮ!” የወደቀው ሽቦ ግን ኃይል ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ አሥር ሜትር ርቆ ትልቅ ሰው ይጥራ፤ ከብቱ ወዲያ ማዶ ቢቀርም እንኳ አይሻገር።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ኮረንቲ የያዘውን ሰው፣ ወንድሙም ቢሆን፣ በእጁ እንዳይነካ። ልጅ ወንድሙን ጎትቶ ለማዳን ይሮጣልና፣ መጮህና ብሬከሩን የሚያጠፋ ትልቅ ሰው መጥራት ራሱ ማዳን መሆኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

እናንተም ዛሬ ማታ መብራት ከሄደ፣ ሻማ ከለኮሳችሁ በኋላ ልጁ እያየ የስቶቩን ሶኬት ንቀሉ። “የለም እኮ!” ማለቱ አይቀርም። “ሳይነግረን ስለሚመጣ ነው” በሉት።