ፒያሳና አደባባይ

ጐንደር የገባ እንግዳ «ፒያሳ በየት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መንገዱን የማያመለክተው ሰው አይገኝም፤ ቃሉ ራሱ በየት በኩል እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ግሪኮች ሰፊውን ጐዳና «ፕላቴያ» ይሉት ነበር። ሮማውያን ከእነርሱ ተቀበሉት፤ ከላቲን የተወለዱትም ቋንቋዎች ውርሱን ተካፍለው፣ ኢጣልያኑ «ፒያጻ»፣ እስፓኙ «ፕላዛ»፣ ፖርቱጋሉ «ፕራሳ»፣ ፈረንሳዩ «ፕላስ» አለው። ትርጓሜውም እንደ ወራሾቹ ጠባይ ተለያየ። በፈረንሳይ ማናቸውም ስፍራ፣ የባቡር መቀመጫ እንኳ ሳይቀር «ፕላስ» ነው፤ በእስፓኝ የመንግሥት ሥራ መደብ «ፕላዛ» ይባላል፤ ሩማንያዊው ደግሞ አትክልት የሚሸምትበትን ገበያ በዚሁ ቃል ይጠራዋል።

ወደ ጐንደር ቃሉ የገባው በጠመንጃ ነው። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዞ የግዛቱ መቀመጫ ባደረጋት ጊዜ፣ ከፋሲል ግቢ በስተሰሜን ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን በራሱ አገር ስልት አቆመ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. ድል ሲሆን ሕንጻውም ቃሉም ቀሩ።

የወራሪ ቃል በአፋችን መቅረቱ የሚያስቆጣቸው ሰዎች አሉ፤ ቍጣቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ግን ሕዝቡ ለቃሉ ምን እንደ ሰጠውና ምን እንደ ነፈገው መመልከት ይሻላል እንላለን። ኢጣልያናዊ «ወደ ፒያጻ ወረድን» ሲል ሰልፍ ወጣን፣ መንግሥትን ተቃወምን ማለቱ ሊሆን ይችላል። ጐንደሬ «ፒያሳ ወርጄ ነበር» ቢል ግን ጫማ ገዝቶ ወይም ቡና ጠጥቶ መመለሱ ነው። ክብደቱን የያዘው አደባባይ ነው። አዋጅ የሚነገረው፣ ፍርድ የሚሰማው በአደባባይ ነበር፤ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. ጐንደር በነበረበት ጊዜ፣ በቤተ መንግሥቱ ፊት የሞት ቅጣት ሲፈጸም እንዳየ ጽፎአል። (የአደባባይ ትዝታ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም።) አደባባይ ኢየሱስና አደባባይ ተክለ ሃይማኖትም ዛሬ ድረስ በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ የሚወርደው ባላገር ልብስና ሸቀጥ ለመግዛት ፒያሳ ይሄዳል፤ ወሰኑ የተገፋበት እንደ ሆነ ግን ነገሬ በአደባባይ ይታይልኝ ይላል።