ከጋቢና መነሣት

በ1985 ዓ.ም. ክረምቱ እንደ ወጣ አባቴ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ እኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ አብሬው ተጉዤ ነበር። ሆዱን የሚያሠቃየው ሕመም ነበረበትና ከሞጣ መናኸሪያ ስንነሣ ለጋቢና ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ከሹፌሩ ጎን ያለውን መቀመጫ ያዘ። እኔን ከኋላ፣ ከጆንያና ከዶሮ መካከል አስቀመጡኝ። ቢቸና ስንደርስ አውቶቡሱ ቆመ። ኮት የለበሰ አንድ ሰው ከረዳቱ ጋር በጆሮ ተነጋገረ፤ ረዳቱም ወደ አባቴ ቀርቦ፣ «አባባ፣ እስቲ ይነሡ፤ ኃላፊው ይቀመጡበታል» አለው።

አባቴ መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ሲደገምለት ጋቢውን ሰብስቦ፣ ዱላውን ይዞ ተነሣና መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ። የከፈለውን ትርፍ ገንዘብ አልጠየቀም፤ ረዳቱም አልመለሰለትም። ከቢቸና እስከ ደጀን ያለው መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር። አውቶቡሱ በየጉድጓዱ በነጠረ ቁጥር አባቴ በሁለት እጁ ሆዱን ይይዝ ነበር። ደጀን አድረን በማግሥቱ የዓባይን በረሃ ወረድን። ከድልድዩ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ውኃውን ለማየት ወደ መስኮቱ ሲጋፋ አባቴ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ይህን ታሪክ ለሠላሳ ዓመታት ለማንም አልተናገርሁም። ያስታወሰኝ በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር በጀርመን አገር ለምትኖረው እኅቴ በኢሜይል የደረሰ የአራት መስመር መልእክት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ልጇንና የልጅ ልጆቿን ልትጠይቅ በሄደችበት በታኅሣሥ ወር በረዶ ላይ ተንሸራትታ የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ በረታችም። ወደ አገሯ ለመመለስ ግን ሐኪሙ አንድ ነገር አስጠነቀቀ፤ በዚህ ዕድሜ፣ ከእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ እግርን አጥፎ ለብዙ ሰዓታት መቀመጥ ደም ሊያረጋ ስለሚችል፣ ከተቻለ ተዘርግታ ትሂድ። ተዘርግቶ መሄድ ማለት ወንበሩ እንደ አልጋ በሚዘረጋበት በቢዝነስ ክላስ መሄድ ነው። አራት ወንድማማችና እኅትማማች አዋጥተን፣ ዋጋው ከአንድ ዓመት ደመወዜ በላይ የሆነ ቲኬት ቆረጥን። (በአገራችን የዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ የዋጋውን ውድነት ብቻ አይነግረውም።)

ከጉዞው ዐሥራ አንድ ቀን አስቀድሞ መልእክቱ መጣ። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ «በበረራዎ ላይ ለውጥ ተደርጓል» ይላል። የበረራው ቁጥርም ቀኑም ሰዓቱም አልተለወጠም። የተለወጠው አውሮፕላኑ ነው። በአዲሱ አውሮፕላን ውስጥ ያ ክፍል ጭራሽ የለም፤ እናቴም ኢኮኖሚ ክፍል፣ መካከለኛ ወንበር ላይ ተመድባለች። ከታች «ተቀብያለሁ» የሚል ሰማያዊ ቁልፍ አለ። እኅቴ ደውላ፣ «አንተ ዶክተር ነህ፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። የእኔ ዶክትሬት በሕዝብ አስተዳደር እንጂ በአጥንት አይደለም፤ በአየር መንገድም አይደለም። ሆኖም ቁልፉን እንዳትነካ ነገርኋት። ከዕውቀቴ ሁሉ የጠቀመን ይህ አንዱ ነው፤ «ተቀብያለሁ» ብሎ የተጫነ ሰው በኋላ «አልተስማማሁም» ቢል የሚሰማው አያገኝም።

አየር መንገዱን በስም አልጠራውም። የሠራውን ሌሎችም ይሠሩታል፤ አውሮፕላን ይበላሻል፣ ሞተር ለጥገና ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ይቀንስና ትልቁ በትንሽ ይተካል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ኮምፒውተር ነው። ማንም ሰው እናቴን «ይነሡ» አላላትም፤ መቀመጫዋ በሌሊት ከዝርዝር ውስጥ ጠፋ፤ በቃ። የቢቸናው ረዳት ቢያንስ ፊት ነበረው።

ለሦስት ሌሊት ሕግ አነበብሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውና ከየካቲት 2005 ጀምሮ የሚሠራበት ቁጥር 261 የተባለ ደንብ አለ። ከአውሮፓ ኅብረት ምድር ለሚነሣ በረራ ሁሉ፣ አየር መንገዱ የየትም አገር ቢሆን፣ ይሠራል። ዐሥረኛው አንቀጽ የተጻፈው ከጋቢና ለተነሣ ሰው ነው ብል አላጋነንሁም። ተሳፋሪውን ከከፈለበት ክፍል ዝቅ ባለ ክፍል ያስቀመጠ አየር መንገድ በሰባት ቀን ውስጥ የዋጋውን ድርሻ ይመልሳል፤ እስከ 1500 ኪሎ ሜትር ለሆነ በረራ 30 በመቶ፣ ለመካከለኛው 50 በመቶ፣ ከአውሮፓ ወደ እኛ አገር ላለው ዓይነት ረዥም በረራ 75 በመቶ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 በሰጠው ፍርድ፣ መቶኛው የሚታሰበው ከጠቅላላው ቲኬት ሳይሆን ዝቅ በተደረገበት በረራ ዋጋ ብቻ ነው ብሏል፤ የዚያ በረራ ዋጋ ለብቻው ካልተጻፈም በርቀቱ መጠን ይካፈላል። አሜሪካኖቹ ዘግይተው እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ደንብ፣ ክፍሉ ዝቅ የተደረገበት ተሳፋሪ ጉዞውን ካልፈለገ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል።

ደንቡን ሳነብብ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ግን አንድ ጉድለት ታየኝ። ዐሥረኛው አንቀጽ ዋጋውን ያስመልሳል እንጂ አልጋውን አያስመልስም። «በሌላ ቀን፣ በሌላ አውሮፕላን፣ በዚያው ክፍል አሳፍሯት» የሚል ቃል አላገኘሁበትም። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ገንዘቡን አልነበረም። አልጋውን ማግኘት የሚቻለው በስልክ በመከራከር ብቻ ነበር።

እኅቴ ደወለች፤ እኔም ከአዲስ አበባ መሥመሩ ላይ ገብቼ አዳመጥሁ። የመጀመሪያው ሠራተኛ ለሌላ ጊዜ ጉዞ የሚሆን የዋጋ ኩፖን ሰጠን፤ በሰባ አምስት ዓመቷ ዳሌዋ ለተሰበረ ሴት ሌላ ጉዞ! ሁለተኛው በኢኮኖሚ ክፍል ከጎኗ አንድ ወንበር ባዶ እንተውላታለን አለ። ሦስተኛዋ ሴት ዝም ብላ ካዳመጠች በኋላ፣ «የሕክምና ማስረጃ አላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ልከን ስትመለከተው፣ ከሁለት ቀን በኋላ በተባባሪ አየር መንገድ፣ በሌላ ከተማ በኩል፣ የሚዘረጋ መቀመጫ አገኘችልን። ከተማው ድረስ የሚያደርሰው የመጀመሪያው በረራ ግን ትንሽ አውሮፕላን ስለሆነ ያ ክፍል እንደሌለው አስቀድማ ነገረችን። አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ተቀበልን። ሴትዮዋን አላውቃትም፤ ስሟንም አልያዝሁም። ደንቡ አላስገደዳትም።

እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። የጉዞው ዋዜማ ማታ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ለአንባቢዬ ስለሚጠቅም በዝርዝር ልናገረው። ቦታ መያዝና ቲኬት መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በስድስት ፊደልና ቁጥር የሚጻፈው የቦታ ማስያዣ ምልክት ነው፤ ቲኬቱ ደግሞ ዐሥራ ሦስት አኃዝ ያለው ሌላ ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው። በረራው ሲለወጥ ቦታው ወዲያው ሊለወጥ ይችላል፤ ቲኬቱ ግን እንደ ገና መውጣት አለበት። ካልወጣ፣ ስምሽ በዝርዝሩ ላይ አለ ይሉሻል፤ ቲኬት ግን የለሽም ብለው ይመልሱሻል። በቲኬቱም ላይ ክፍሉን የምታመለክት አንዲት የላቲን ፊደል አለች፤ «ዋይ» ከሆነች ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት ኢኮኖሚ፣ «ጄ» ወይም «ሲ» ከሆነች ብዙውን ጊዜ ቢዝነስ ናት። እኅቴ አይታ፣ «ቁጥሩ የድሮው ነው» አለችኝ። አልታደሰም ነበር። በዚያች ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳ፣ ከቲኬት መስኮቱ ፊት ሁለት ሰዓት ቆማ አሳደሰችው። ልብ አድርጉ፤ እኅቴ ጀርመንኛ ትናገራለች፣ መኪና አላት፣ ደንቡን የሚያነብላት ወንድም አላት። ከእነዚህ አንዱ የጎደለውስ?

አንዳንድ አንባቢዎቼ፣ «በዚህች አገር ሕዝቡ አውቶቡስ አጥቶ በጭነት መኪና ላይ ሲንጠለጠል አንተ ስለ ቢዝነስ ክላስ ታለቅሳለህ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ወቀሳው እውነት አለበት። ጋቢና ራሱ ልዩነት ነው፤ ከጣልያን የወረስነው ቃል ነው፤ ከፊት ለሚቀመጠውና ከኋላ ለሚቀመጠው ድንበር ያሰምራል። ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ በእኛ ሰማይ የበረሩት የመጀመሪያዎቹ ሲ 47 አውሮፕላኖች ይህ ድንበር አልነበራቸውም፤ ሰው በግድግዳው በኩል በተዘረጋ የሸራ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ፣ ዕቃው ከመካከል ወለሉ ላይ በሰንሰለት ይታሰር ነበር። እኔ የምከራከረው ግን ስለ ልዩነቱ አይደለም፤ ስለ ውሉ ነው። አባቴ የከፈለው ለክብር አልነበረም፤ ለሆዱ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ስለ ማጓጓዣ የሚናገር ክፍል ነበረው፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ወጥቷል። ሕግ አጥተን አናውቅም። ከቢቸና መናኸሪያ እስከዚያ ሕግ ድረስ ግን አባቴን የሚያሻግረው አልነበረም። «ኃላፊው ይቀመጡበታል» ሲባል ደረሰኜ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ቢጠይቅ፣ ከነጭራሹ ከአውቶቡሱ ይወርድ እንደ ነበር አባቴም እኔም እናውቃለን።

ይህን ከጻፍሁ ዘንድ ሌላውንም ልጻፈው። በ2006 ዓ.ም. ለጥናት ወደ ሞጣ ስወርድ፣ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ረዳቱ ቦርሳዬንና መነጽሬን አይቶ፣ ማን እንደ ነገረው አላውቅም፣ በጋቢና የተቀመጠችውን ሕፃን ያዘለች ሴት፣ «ለዶክተር ልቀቂላቸው» አላት። ተነሣች። እኔም ተቀመጥሁ። «ተይ፣ ተቀመጪ» ያልኋት በአፌ ነው፤ እግሬ ግን አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ሾፌሩ ስለ ዩኒቨርሲቲ እየጠየቀኝ፣ እኔም እየመለስሁለት ሄድን። ስለ ሥልጣን አላግባብ መጠቀም በየሴሚስተሩ አስተምራለሁ።

እናቴ መጋቢት ውስጥ በሰላም ገባች። ከአዲስ አበባ ወደ ሞጣ በወዳጅ መኪና ስንሄድ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጥናት፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ተለጥጦላት ነበር። የዓባይን በረሃ ወርደን እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውን፣ በጃፓን ዕርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ስንሻገር የአባቴን ታሪክ ነገርኋት። አታውቀውም ነበር፤ ለእርሷም አልነገራትም። ለረዥም ጊዜ ዝም አለች። ቢቸናን አልፈን ነው የተናገረችው።

እናቴ የበጌምድር ልጅ ናት። ሙሽራ ሆና ወደ ሞጣ የመጣችው ሰባራ ድልድይ በተባለው፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በተሠራው፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ በተሰበረው ድልድይ ላይ ነበር። በዚያን ዘመን ከተሰበረው ክፍት ላይ ሰው የሚሻገረው በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ጎበዛዝት እየሳቡት ነው። (ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠግኖ፣ በ2005 ጎርፍ ወስዶት፣ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶለታል።) «እኔ ስሻገር» አለች፣ «ከፊቴ አንድ ባለጸጋ ነበረ፤ በቅሎውን ይዞ ይጮኻል፤ ቅድሚያ ለእኔ ይላል። ገመድ የያዙት ሰዎች፣ ጌታው፣ ሙሽራዋ ታስራለች፤ እርሷን ሳናሻግር አንፈታትም አሉት። እስክሻገር ድረስ ቆሞ ጠበቀ።»

«ከዚያስ?» አልኋት።

«ከዚያማ እርሱን ሳቡት። ከባድ ነበር፤ ሲስቡት ይሰድቡት ነበር» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ዳሌዋን አመማትና በእጇ ያዘችው።

ከዚያ ዓመት ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ያንን መንገድ እንደ ልቤ አልሄድሁበትም፤ እናቴንም በስልክ ነው የማገኛት፤ ስልኩ ሲሠራ። የአየር መንገዱ ገንዘብ በሰባት ቀን ሳይሆን በስድስተኛው ሳምንት ገባ፤ የዚያች የአንድ ሰዓት ተኩል በረራ ድርሻ 30 በመቶ ነው፤ ከጠቅላላው ዋጋ አንጻር ኢምንት። እኅቴ ምን ይደረግበት ብትለኝ ለእናታችን ላኪላት አልሁ። እናቴ ስለ ምን እንደ ተላከላት ስትጠይቀኝ፣ «ከጋቢና ስላስነሡሽ የመለሱት ነው» አልኋት።

«ለአባትህስ?» አለችኝ።