የስንቅ ተማሪ በሆላንድ

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ነው። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ላገኘሁት ሁሉ «አገሬ ልገባ ነው!» እላለሁ። ለቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ነግሬዋለሁ፤ ዳቦ ለምትሸጥልኝ ሴትዮ ነግሬያታለሁ፤ ደጃችን ለሚተኛው ድመትም ሳልነግረው አልቀረሁም። በአማርኛ ስለነገርኩት ይሁን አላውቅም፣ ከሁሉም አተኩሮ ያዳመጠኝ እሱ ነው።

ያለሁት ዋገኒንገን ነው። ራይን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ የሆላንድ ከተማ ስትሆን፣ ዓለም የሚያውቃት በእርሻ ዩኒቨርሲቲዋ ነው። ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ተልኬ መጣሁ። የተነሣሁት ደግሞ ከሮብ ገበያ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሲወጡ ከምትገኘው፣ ገብስ፣ እንግዶና ድንች ከሚበቅልባት ከስናን ደጋ።

የፈረንጅ ጓደኞቼ «ከቤትህ ርቀህ ስትማር የመጀመሪያህ ነው?» ይሉኛል። «የለም፣ ሁለተኛዬ ነው» ስላቸው በአክብሮት ያዩኛል። «የመጀመሪያው የት ነበር?» «ደብረ ማርቆስ!» ማርቆስን ፓሪስ አጠገብ ያለች ከተማ አድርገው ሳይገምቱ አይቀሩም። እኔም አላስተባብልም።

ደግሞስ ምን ዋሸሁ? መሰናዶ ደርሶኝ ማርቆስ የገባሁ ዕለት እንደ ባሕር ማዶ ነበር የታየኝ። ሦስት የአገሬ ልጆች ሆነን አንዲት ክፍል ተከራየን። ዓርብ ከትምህርት ስንወጣ ድንች ሊጭን የሚወጣ አይሱዙ ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ በእግር አቀበቱን እንያያዘዋለን። እሑድ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ በሶውን በማዳበሪያ አስረን እንመለሳለን። ሰኞና ማክሰኞ እንደ ጌታ እንበላለን። ሐሙስ እንጀራው መሻገት ይጀምራል፤ ደህና ደህናውን ቆርጠን ፀሐይ ላይ እናሰጣና ድርቆሽ እናደርገዋለን። ዓርብ ጠዋት የሚቀረን በሶና ቀልድ ነው።

ወደ ሆላንድ ስመጣ እማ ሻንጣዬን የሞላችው ለዚያው ለማርቆሱ ተማሪ ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ። «ልብስስ?» ብላት «ልብስ እዚያ አይጠፋም፤ ሽሮ ግን ማን ይሰጥሃል?» አለች። አየር ማረፊያ ሻንጣው ሲመዘን ከተፈቀደው 23 ኪሎ አንዲት ግራም አላለፈም። ሚዛን የማታውቀው እናቴ በእጇ ብቻ መዝና ልክ አመጣችው። እዚህ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ባዩ ቁጥር የሚደነቁ ጓደኞቼ የእማን እጅ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር!

የደረስኩት በየካቲት ነው። ሰማዩ ግራጫ፣ ምሽቱ ቶሎ ዱብ የሚል ነበር። አሁን ሰኔ ላይ ደግሞ ፀሐይ መጥለቅን ረስታዋለች፤ በእኛ አቆጣጠር እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አትጠልቅም። እማ በኢሞ ደውላ «ራት በላህ?» ትለኛለች። «ገና ነው፣ ፀሐይ አልጠለቀችም።» ዝም ትልና «አይ ያገሩ ገበሬ! ታዲያ ከእርሻ መቼ ሊገባ ነው?» ትላለች። የማርቆስ ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ የት ነበር! ያኔ መልእክት የሚመጣው ከገበያተኛ ጋር ነው። «እናትህ ደህና ናት፣ ላሚቱ ወልዳለች፣ እሑድ ሳትቀር ና።» አለቀ። እዚያች ላይ ሳምንት ሙሉ እንኖርባት ነበር።

ስለ ገበያ ካነሣሁማ! ዋገኒንገን ውስጥ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ገበያ የሚቆመው በየትኛው ቀን ቢሆን ጥሩ ነው? ቅዳሜና... ሮብ! መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሮብ ገበያ ተከትሎኝ መጥቷል። በግና ፈረስ የለበትም እንጂ ድንቹ አለ፣ ጎመኑ አለ፣ ጩኸቱም አለ። በጾም ቀን ግን የሚሸተው የዓይብ መአት ነው፤ ድንኳኑን በሩቁ እየዞርኩ አለፍኩት። ዋጋው ተጽፎ እያየሁት «ትንሽ ቀንስልኝ» አልኩት ድንች ሻጩን። ቀና ብሎ አየኝ፣ ሳቀ፣ አልቀነሰም፤ አንድ ድንች ጨመረልኝ። ምርቃት እዚህም አለ ማለት ነው! ያን ዕለት ሆላንድን ወደድኳት።

ድንች ደግሞ የእኔም የእነሱም ጉዳይ ነው። ሆላንዶች የድንች ዘር ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። መምህራችን «እናንተ ጋ ምን ዓይነት ድንች ይዘራል?» ሲለኝ «በለጠ፣ ጉደኔ» ብዬ እንደ ዘመድ ስም ጠራሁለት፤ በደብተሩ ጻፈው። ድንች ራሱ የውጭ ተማሪ ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች ወጥቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር እጅ እኛ አገር ገባና ሳይመለስ ቀረ። እኔ ግን እመለሳለሁ!

ተራራ ልናሳይህ ብለውኝም ያውቃሉ። ስንቄን ቋጥሬ፣ ጋቢዬን ደርቤ ተነሣሁ። ትንሽ እንደሄድን «ደረስን» አሉኝ። እኔ ገና አቀበቱ እስኪጀመር እየጠበቅኩ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ያለው የሆላንድ መሬት ከፍተኛው ጫፍ 322 ሜትር ነው፤ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅብራ የቆመበትን፣ ጓሳ የለበሰውን፣ ወንዞቹ ወደ ዓባይ የሚወርዱበትን ያን ተራራ በስልኬ ሳሳያቸው «እዚህ ላይ ሰው ይኖራል?» አሉኝ። «ይኖራል ብቻ? ገብስ ያርሳል!»

ከሁሉ ያስፈነጠዘኝ ግን ሚያዝያ 27 ነው። ጠዋት ስነሣ ከተማው በሙዚቃ ተናውጧል፤ ሰንደቅ ዓላማ በየደጁ ተሰቅሏል። ለካስ በ1937 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ሆላንድ ውስጥ እጁን ስለሚሰጥበት ሁኔታ የተነጋገሩት እዚችው ከተማ፣ «ደ ቬረልድ» በሚባል ሆቴል ነው፤ ቀኑም የነጻነታቸው በዓል ነው። እኛስ? ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል፣ በደብረ ማርቆስ አልፈው አዲስ አበባ የገቡት በ1933 ዓ.ም. በዚያው በሚያዝያ 27 አይደል? የእኛ አርበኞች ቀን! ጓደኞቼን ሰብስቤ «ለእኔ ብላችሁ ነው ወይስ አጋጣሚ ነው? ለማንኛውም በአራት ዓመት ቀድመናችኋል» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እስክስታ አስተምሬ አደርኩ፤ ትከሻቸው እሺ ባይልም ልባቸው እሺ ብሏል።

እንዲህ ስፈነድቅ አያቴ ትዝ ይለኛል። እሱ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር የዞረ። በእሱ ዘመን የውጭ ተማሪ ተቀባይዋ ጎጃም ነበረች። ከሸዋው፣ ከወሎው፣ ከጎንደሩ ቅኔ የጠማው ሁሉ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ይል ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ዲማ ያስተማሩት ወደው አይደለም፤ ራሳቸውም በዚያው አገር የቅኔ ትምህርት አልፈዋል። የአያቴ ስኮላርሺፕ «በእንተ ስማ ለማርያም» ነበር። ደሞዝ ከፋዩ መንደሩ፣ ፈታኙ የኔታ፣ ተቆጣጣሪው ውሻ። እኔ የኪስ ገንዘብ በባንክ ሲገባልኝ «ያለ ውሻ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር ብዬ እስቃለሁ።

ነገር ግን ሣቁን አንድ ነገር ይገታዋል። እዚህ ስደርስ ተቀባይ ነበረኝ። የመኝታ ቤቴን ቁልፍ፣ የከተማውን ካርታ፣ ብስክሌት የሚያስተምረኝ አንድ ተማሪ ሳይቀር አዘጋጅተው ጠብቀውኛል። የቆሎ ተማሪውንም መንደሩ ይቀበለው ነበር፤ የመንደሩ ሴቶች የሰጡት ቁራሽ ነው ሊቅ ያደረገው። ከሮብ ገበያ ማርቆስ የገባነውን የስንቅ ልጆች ግን ማን ተቀበለን? አከራያችን ብቻ። ቡና ባፈሉ ቁጥር «ኑ ልጆቼ፣ ሦስተኛውን ጠጡ» ይሉን ነበር። ያቺ ስኒ ባትኖር ኖሮ ከሦስታችን አንዳችን ትምህርቱን ትቶ ይመለስ ነበር፤ ማን እንደሆነ አልናገርም።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሆኖ አገሬ ስገባ የማወራው ስለ ብስክሌትና ስለ ዓይብ ብቻ አይደለም። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ደሴም ሆነ ጎንደር ለምትኖሩ አንድ አደራ አለኝ። እሑድ ማታ ማዳበሪያ ተሸክሞ በሰፈራችሁ የሚያልፍ ልጅ ካያችሁ የውጭ ተማሪ መሆኑን እወቁለት። ዩኒቨርሲቲ ውጭ አገር ድረስ ሊልከው የሚችለው መጀመሪያ እናንተ ዘንድ ሰንብቶ ካለፈ ብቻ ነው። ቡና ስታፈሉ ጥሩት፤ ሐሙስ ሲሆን ደግሞ ትኩስ እንጀራ ጨምሩለት።