ከሠርጉ በፊት ሮቢት ድረሱ!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅርም ነው፣ ስለ መንገድም ነው። ከተማ ውስጥ ተዋውቀው፣ ካፌ ለካፌ ተቃጥረው፣ ቀለበት ለማሰር የሚጣደፉ ጥንዶች መቼም ሞልተዋል። አንዱ የሌላውን የጫማ ቁጥር ያውቃል፣ የሚወደውን ዘፈን ያውቃል። የተወለደበትን ቤት ግን አያውቅም። «ቤተሰቦችህ የት ናቸው?» ሲባል «ወሎ» ይላል። «ወሎ የት?» ሲባል «ቆቦ አካባቢ» ይላል። ከዚያ በኋላ ወሬው ይቀየራል። ለምን ይሆን የሚቀየረው? እኔ መልሱን ያገኘሁት በ2011 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ነው። አንዲት ጓደኛዬ እጮኛዋ የተወለደበትን ቤት ልታይ ስትነሳ «ሴት ልጅ ብቻዋን አትሄድም» ተባለና አጃቢ ሆኜ ሮቢት ወረድኩ።

የትኛዋ ሮቢት?

መጀመሪያ መንገዱን እንነጋገር። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሁለት ሮቢቶች አሉ። አንደኛዋ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ናት። የኛዋ ሮቢት ደግሞ ደሴንና ወልድያን ካለፉ፣ ጎብዬንም ከተሻገሩ በኋላ ቆቦ ሳይደርሱ የምትገኝ የራያ ቆቦ ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ይህን የማያውቅ ሰው «ሮቢት» ብሎ ዝም ካለ ጉድ ይፈላበታል።

ጓደኛዬ ይህን አታውቅም። እጮኛው ደግሞ መስኮቱን ተደግፎ ያንኮራፋል። ረዳቱ «ሮቢት ወራጅ!» ብሎ ሲጮህ ሻንጣዋን አንስታ ቆመች። «ተነስ እንጂ፣ አገርህ ደረሰ!» ብላ ጎሸመችው። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ «ይቺኛዋ አይደለችም፤ ገና ነው» አለና መልሶ ተኛ። ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ልጄ፣ ባልሽን ሳታስነሺ እንዳትወርጂ። ሌላ ሮቢት ሌላ ባል ይሰጥሻል!» አሉ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ።

ዝናቡ እዚያ፣ ውኃው እዚህ

ከወልድያ እስከ ቆቦ ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየሩ እየሞቀ፣ ሹራብ እየወለቀ ሜዳው ይገለጣል። በምዕራብ ደጋው ተደርድሯል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ቆሟል። መሀሉ ማሽላ ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ፣ ግመል ቢገባበት የማይታይበት ማሽላ! እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞች ከደጋው ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ አፋር ይወርዳሉ። ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሳው ውስጥ ያስተኛዋል። ከጎርፉ ጋር የሚመጣው ደለል ደግሞ መሬቱን ያደልበዋል።

ይህን ያስረዱን የእጮኛው አባት ናቸው። «የኛ አገር እንዲህ ነው» አሉ፣ «ዝናቡ ሌላ አገር ይዘንብና ውኃው እኛ ጋ ይመጣል።» ጓደኛዬ ተገርማ «ታዲያ ሁልጊዜ ይመጣል?» ብትላቸው ልጃቸውን በጎን ገረፍ አድርገው አዩት። «ከልጄ ይሻላል። እሱ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይመጣል።»

እውነታቸውን ነው። ልጅየው ወደ ቤቱ ከመጣ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ነጭ ጫማና ጥቁር መነጽር አድርጎ ግቢ ሲገባ ውሻው ተወርውሮ ሊነክሰው ደረሰ። ለእኛ ለእንግዶቹ ግን ጭራውን ቆላልን! እናቱ እየሮጡ ወጥተው ውሻውን ይዘው «አትፍረድበት ልጄ፣ እኔም መነጽሩን ባታወልቅ አላውቅህም ነበር» አሉት። ከተማ ውስጥ የሚጠራበት ቄንጠኛ ስምም እዚያው በር ላይ ቀረ። የቤት ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ከፍየል ጋር የሚገናኝ መሆኑን ብቻ እወቁልኝ።

ከረሜላ በቡና

ቡና ተፈላ። ጎረቤት ተጠራ። አንዲት ሙስሊም እናት እጣኑ ሲሸት ነው የመጡት፤ በወሎ ደንብ አቦሉ ሳይቀዳ ምርቃቱ ቀደመ። እሳቸው መረቁ፣ ቤቱ ሙሉ «አሚን!» አለ። ምሳውም ሽሮና ምስር ነበር። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ለየብቻ ስለሆነ አንድ ገበታ እንዲያቀርባቸው ተብሎ ነው።

ቡናው በጨው ነው። ጓደኛዬ አንዴ ፉት አለችና ዓይኗ ፈጠጠ። እማወራዋ ገባቸው፤ ትንሹን ልጅ «ሂድ ስኳር ግዛ!» ብለው ላኩት። ልጁ በሩጫ ሄዶ በሩጫ ተመለሰ። እጁ ውስጥ አራት ከረሜላ አለ። «ስኳር አልቋል፣ ያው ነው ብሎኛል ባለሱቁ።» አንዷ ከረሜላ ሲኒው ውስጥ ገባች። ቡናው ቀይ ሆነ፣ የብርቱካን ሽታ አወጣ። ጓደኛዬ ምን ታድርግ? ጠጣችው። አባት «እስቲ እኔንም» አሉ። ጎረቤትየዋም «እኔስ ምን አጠፋሁ?» አሉ። አንዷ ከረሜላ ለልጁ የመላኪያ ሆነች። በነጋታው ያ ልጅ ከማሳ አንድ ጥንቅሽ ቆርጦ አመጣላትና «ስኳር ይኸውልሽ፣ ይሄ አያልቅም» ብሏታል።

ትራክተሩ ይዋጋል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቶናው እየተቀዳ ሳለ አባት ዘና ብለው ልጃቸውን ጠየቁ።

«ኧረ መኪናውን የት አቆማችሁት?»

ጓደኛዬ ቀና አለች። «የቱን መኪና?»

እጮኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ለካ በስልክ «መኪና ገዝቻለሁ» ብሎ ኖሯል። ጓደኛዬ ነገሩ ስላላማራት ወሬ ልትቀይር ፈለገች። እሷ ደግሞ የተነገራት «አባቴ በትራክተር የሚያርሱ ትልቅ ገበሬ ናቸው» የሚል ነው። በንጹህ ልቧ «አባባ፣ ትራክተሩስ የታለ? ላየው ፈልጌ ነበር» አለቻቸው።

ቤቱ ጸጥ አለ። የሚሰማው የጀበናው መንተክተክ ብቻ ነው። አባት ልጃቸውን አዩ። ቀጥሎ በበሩ በኩል ግራር ሥር የታሰሩትን ሁለት በሬዎች አዩ።

«እነዚያውልሽ፣ ሁለቱም ቆመዋል» አሉ። «ቀዩን ግን እንዳትጠጊው፤ ይዋጋል።»

እናንተዬ! ጎረቤትየዋ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። እማወራዋ ረከቦቱን ይዘው ሳቁ። ልጅየው ብቻ መሬት መሬት ያያል። እናት አንጀታቸው አልችል ብሎ «ተዉት እባካችሁ፤ መኪናውም ገና ጥጃ ሆኖ ይሆናል። ሲያድግ እናየዋለን» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ አባት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ደብተርህን የገዙት እነዚህ ሁለት በሬዎች ናቸው። ለምን ስማቸውን ትለውጥባቸዋለህ?»

ከዚህ በላይ ያለው ንግግር የለም። ሳቅ መሀል ጓደኛዬ ከሳህኑ ያፈሰሰችውን ንፍሮ እናቱ ከመሬት አንድ በአንድ ሲለቅሙ አየሁ። አንዲት ፍሬ አልቀረችም። ባላቸው «እሷ ሰባ ሰባትን ያየች ናት» አሉን። የ1977 ዓ.ም ረሃብ ይህን አካባቢ ክፉኛ የመታ ነው። ለካ ያ በትራክተር የተቀየረው በሬ፣ ያ የተደበቀው ጎታ፣ ሰው ከሞት የተረፈበት ነው!

ማታ ከጓደኛዬ ጋር መደብ ላይ ጎን ለጎን ስንተኛ እንቅልፍ አልወሰዳትም። «ትራክተር ስለሌላቸው አይደለም የተናደድኩት» አለችኝ በሹክሹክታ። «እኔን ምን ዓይነት ሴት አድርጎ ቢያስበኝ ነው በሬ ማለት ያፈረው?» ያን ሌሊት ቀለበቱ በጣቷና በቦርሳዋ መካከል ነበር።

አንድ ግሪሳ ሲደመር አንድ ግሪሳ

በማለዳ ማሳ ወረድን። ጥቅምት ማሽላው እሸት የሚይዝበት ስለሆነ የግሪሳ ወፍ ወቅት ነው። ግሪሳ እንደ ደመና ነው የሚመጣው፤ ባለማሳው ከተዘናጋ የዓመት ልፋቱን ቆሎ ሳያደርገው ያጣዋል። ስለዚህ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያጮሃሉ።

እጮኛው ወንጭፉን ከታናሽ ወንድሙ ተቀበለ። «ድሮ ከኔ በላይ ወንጫፊ አልነበረም» አለ። አሽከረከረ፣ አሽከረከረ፣ ለቀቀ። ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄደ! ከማማው ሥር ታናሽየው በእርጋታ «ወንድሜ፣ ወፉ በዚህ በኩል ነው» አለው።

ያኔ ጓደኛዬ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ነጭ ጫማውን አውልቆ ከማማው ጫፍ ተቀመጠና ማንም ሳይጠይቀው ማውራት ጀመረ። «ሒሳብ ያጠናሁት እዚህ ላይ ነው፣ ወፍ እየቆጠርኩ» አላት። «አንድ ግሪሳ ሲደመር አንድ ግሪሳ ስንት ይሆናል? ሁለት ሺህ! ለዚህ ነው ፈተና ስወድቅ የነበረው።» በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት መሄዱን፣ ከተማ ሲገባ በአነጋገሩ እንደሳቁበት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን መደበቅ እንደጀመረ ነገራት። እኔ ከሥር ጥንቅሽ እየላጥኩ የማልሰማ መሰልኩ። ከማማው ሲወርዱ ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ በቀጥታ ወደ በሬዎቹ ሄዳ «የሚዋጋው የቱ ነው አላችሁኝ?» ብላ አባትየውን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የዚያን ቀን «ልጄ» ማለት ጀመሩ።

ስልኩ ሲከፈት

ተጋቡ፤ ልጅም ወለዱ። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ቆቦና አካባቢው ደረሰ። ስልክ ተቋረጠ፤ ለወራት ከዚያ ቤት ድምፅ ጠፋ። ጓደኛዬ በነዚያ ወራት ስለ ከረሜላው ቡና እያወራች ስታለቅስ ሰምቻለሁ። በ2014 ዓ.ም መስመሩ ተከፍቶ የአባትየው ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ያሉት ይህን ነው፦ «አለን፣ ደህና ነን። አንደኛው ትራክተር ሄዷል። የሚዋጋው ግን ቀርቶልናል።»

ሳቀች፣ አለቀሰች፤ ሁለቱንም አንድ ላይ። የጠፋው በሬ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ ቃል አላስፈለጋቸውም። ያን ቤት ባታየው ኖሮ ይህ ንግግር ምኑም አይገባትም ነበር።

እንግዲህ ምክሩ

አንደኛ፤ እጮኛችሁን ከሠርጉ በፊት ወደ ተወለዳችሁበት ቤት ውሰዱ። ከሠርግ በኋላ የታየ ቤት «ለምን ደበቅከኝ?» ያስከትላል፤ ከሠርግ በፊት የታየ ቤት ግን ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛ፤ ስትሄዱ ስኳርና ቡና ያዙ። ከረሜላ እንኳ አይጠፋም።

ሦስተኛ፤ «ጠገብኩ» የሚለው ቃል እዚያ ትርጉሙ ሌላ ነው። አንዴ ብትሉት ይሉኝታ ነው ይባላል፣ ሁለቴ ብትሉት «እንጀራዬ ምን ሆነ?» ይመጣል። ጉርሻውን ተቀበሉና ቀስ ብላችሁ አላምጡ።

አራተኛ፤ ከሳቁባችሁ ደስ ይበላችሁ። ገጠር ውስጥ እንግዳ ይከበራል እንጂ አይሳቅበትም፤ የሚሳቀው በቤት ልጅ ነው።

አምስተኛ፤ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ጠይቁ። ትኬት ስትቆርጡም «የራያዋን ሮቢት» ማለት እንዳትረሱ።

ቤታችሁን የምትደብቁ ልጆች ደግሞ ይህን አስቡ። እናንተ ያፈራችሁበት በሬ የወደዳችሁን ሰው አያባርርም። የሚያባርረው ትራክተሩ ነው። ቸር ሰንብቱ!