60 ሲባል የማን 60 ነው?

በኢትዮጵያ መንገድ ላይ የፍጥነት ገደብ የሚነገረው በቀይ ክብ ውስጥ በተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ በሰዓት ኪሎ ሜትር መሆኑን ምልክቱ አይናገርም፤ ለአገሬው ሾፌርም መናገር አያስፈልገውም። ለገና ላሊበላን ሊሳለም ከአሜሪካ ወይም ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ግን ሲነዳ የኖረው በማይል ነውና 60 ሲያይ እግሩ የሚያስታውሰው የለመደውን 60 ነው።

አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ ላይ ለማስላት 5 ማይል 8 ኪሎ ሜትር ነው ብሎ መያዝ ይበቃል፤ 50 ማይል 80 ኪሎ ሜትር፣ 60 ማይል ደግሞ 97 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የመኪናው መርፌ በኪሎ ሜትር የሚቆጥር ከሆነ ስህተቱ ብዙ አይደለም። የሚያሳስተው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና ነው፤ ጎላ ብሎ የተጻፈው ማይል ሲሆን ኪሎ ሜትሩ ከሥሩ በደቃቁ ይታያል። ዓይን ደግሞ የሚያርፈው ትልቁ ላይ ነው።

የልዩነቱ ክብደት የሚታወቀው ፍሬን ሲያዝ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ97 ግን 27 ሜትር። አንድ ሰከንድ ማለት ሾፌሩ መንገድ ላይ በግ አይቶ እግሩ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ይብሳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ በ97 የሚሄድ መኪና በ60 ከሚሄደው ሁለት ተኩል ጊዜ የበለጠ መንገድ ይፈልጋል። በገበያ ቀን በላሊበላ ዙሪያ ያለው የላስታ አስፋልት የመኪና ብቻ አይደለም። ጭነት የያዘች አህያ መሀል ላይ ከቆመች፣ ጥሩንባ ቢነፋም ጅራፍ ቢጮህም አትንቀሳቀስም።

ማይሉን ወደ ኪሎ ሜትር መመንዘር የቻለ ሰው ቀጥሎ የሚሳሳተው በኪሎ ሜትሩ ራሱ ነው። ከወልድያ በጋሸና በኩል እስከ ላሊበላ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በሜዳ ላይ፣ በሰፊ አውራ ጎዳና የሁለት ሰዓት መንገድ ነበር። እዚህ ግን ከድልብ በኋላ ዳገቱ በጥምዝ በጥምዝ ይወጣል፤ ደጋው ላይ ጉም ሲወርድ የፊተኛው መኪና መብራት እንኳ በጭንቅ ይታያል። ከጋሸና ተገንጥሎ ወደ ላሊበላ የሚሄደው 64 ኪሎ ሜትርም ቁልቁለት ስላለበት፣ ልምድ ያለው ሾፌር ፍሬኑን እንዳያግል ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አውርዶ መኪናውን በማርሽ ይይዘዋል። እዚያ ላይ የምልክቱ ቁጥር ጣሪያ እንጂ መድረሻ አይደለም።

የላስታ ገበሬ ርቀት ሲጠየቅ «የግማሽ ቀን መንገድ» ቢል ግምቱ ልቅ ይመስላል። ለተራራ አገር ግን ከኪሎ ሜትር ይልቅ ይህ ልኬት ይታመናል፤ ዳገቱንና ቁልቁለቱን አብሮ ቆጥሯልና። (በርግጥ «እዚሁ ቅርብ ነው» ሲል የሚቆጥረው በራሱ እግር መሆኑ አይረሳም።)

የሚቀረው ሰዓቱ ነው። በጥንቃቄ ለሚነዳ ሰው ከወልድያ ላሊበላ አራት ሰዓት ቢፈጅ አይደንቅም። ጠዋት 2 ሰዓት የተነሳ መንገደኛ ላሊበላ የሚገባው 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ከውጭ ይዞት የመጣው ስልክ ግን 12 ሰዓት ይለዋል።